የራሴን የአሣሣል እጅ እንዴት ላግኝ?

ሰላም ሠዓሊዎች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። እጄ ክፉ አይደለም፤ ያየሁትን እቀዳለሁ። ችግሩ ሥዕሎቼ ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ይመስላሉ። ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ግመል ተራውን በእርሳስ ስነድፍ እንኳ የሴቶቹ ዓይን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን ይሆንብኛል፤ ትልቅ፣ ክብ፣ ፊት ለፊት የሚያይ። በዚያ ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። ታዲያ ቅቤ ሻጯን በጎን ስስላት ሰይጣን ያደረግኳት ይመስለኛል (ሳቁብኝ!)። ከዚያ ልሽሽ ስል ደግሞ የዘመናዊው ሠዓሊ የእስክንድር ቦጎሲያን ሥራ ቅጂ ይወጣኛል። መቅዳቱን ልተወው ወይስ ልግፋበት? ከእናንተ መሃል እጁን ከለመደው ነገር ያላቀቀ ካለ ምን እንዳደረገ ይንገረኝ። ቀለም ስለተወደደ በእርሳስና በከሰል የሚሠራ ልምምድ ቢሆን ይሻለኛል።