አፊሊየት ሳይቴ ሰው አጣ፣ ኪዎርድ እንዴት ነው የምትመርጡት?

ምጣዱ_ጋለ፦
ሰላም ናችሁ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ማታ ከስራ ስገባ የምነካካት ትንሽ የአማዞን አፊሊየት ሳይት አለችኝ (ሰው በሊንኬ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽን የሚከፈለኝ)፣ ስለ ቡና መፍጫ ስለ ምጣድ ስለ ኪችን እቃ በእንግሊዝኛ እፅፋለሁ። 14 ፅሁፍ ደርሻለሁ ግን ሰው የሚባል የለም፣ የሚገባው እኔና እህቴ ብቻ ሳንሆን አንቀርም ሃሃ። ኪዎርዱን፣ ማለት ሰው ጎግል ላይ የሚፅፈውን የፍለጋ ቃል፣ የጎግል ኪዎርድ ፕላነር ላይ ብዙ ሰው የሚፈልገውን እያየሁ ነው የመረጥኩት፣ «ቤስት ኮፊ ግራይንደር» ላይ ብቻ ሳምንት ሙሉ ለፍቻለሁ። በወር ከ100 ዶላር በላይ የሚሉትን የኪዎርድ መፈለጊያ ቱሎች ልግዛ ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

ቆሎ_በኪሴ፦
ወንድሜ ብርህን ያዝ። ያንን ቃል ራስህ ጎግል ላይ ፃፈውና የመጀመሪያውን ገፅ እይ፣ ትልልቅ መፅሄቶችና ራሱ አማዞን ናቸው የተደረደሩት፣ በ14 ፅሁፍ እነሱን ልታልፍ? ሬዲት ላይ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ከላይ ተቀምጦ ካየህ ግን እዛ ጋ ቀዳዳ አለ፣ በቅጡ የመለሰ ሳይት የለም ማለት ነው። ፕላነሩ ደሞ ለማስታወቂያ ገዢ የተሰራ ነው፣ ካልከፈልክበት በወር ከ100 እስከ 1 ሺህ ጊዜ ይፈለጋል እያለ ነው የሚነግርህ፣ እሱን ይዘህ ምን ልትወስን። የጎግልን ሰርች ኮንሶል ሳይትህ ላይ አስገብተሃል? ነፃ ነው፣ ሰዎች ምን ብለው ፅፈው ሳይትህ እንደወጣላቸው ቃል በቃል ያሳይሃል፣ እስከ 16 ወር ወደኋላ። ኢምፕሬሽን ኖሮት ክሊክ የሌለው፣ ማለት ጎግል ላይ ታይቶ ማንም ያልነካው ቃል ካለ ቀጣዩ ፅሁፍህ እሱ ነው።

የሌማት_ልጅ፦
እኔ ደሞ ቱሉን ተውና እህትህን ጠይቃት ነው የምለው። ቴሌግራም ላይ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁትን አይተህ ታውቃለህ? አዲሱ ምጣዴ እንጀራውን ያዘብኝ፣ አይን አላወጣም፣ ስሰካው ብሬከሩ ይወርዳል፣ ከዚህ ገዝቼ አዲስ አበባ ብልከው ይሰራል ወይ (አይሰራም፣ የዚህ 110 እዛ 220 ነው፣ ስንቱ አቃጥሏል መሰለህ)። እነዚህን ፕላነሩ ላይ ብትፈልግ ዜሮ ይልሃል፣ ግን የሚጠይቀው ሰው ካርዱን በእጁ ይዞ ነው። ስፔሊንጉ አያስጨንቅህ፣ እንጀራን አንዱ በአይ ሌላው በኢ ይጀምረዋል፣ ጎግል አንድ መሆኑን ያውቃል፣ ለእያንዳንዱ ገፅ እንዳትከፍት።
ሌላ ደሞ፣ ያ ሐበሻ ቤት ሁሉ ያለው ቤታኒ የሚባለው ክብ ምጣድ እኮ መጀመሪያ የተሰራው ሌፍሳ ለሚባል የኖርዌይ የድንች ቂጣ ነው፣ አማዞን ላይም ሌፍሳ ግሪል ነው የሚሉት። በዚያ ቃል ብትፅፍስ?

ቆሎ_በኪሴ፦
እዚች ላይ አልስማማም። ሌፍሳ ብሎ የሚፈልገው የሚኒሶታ ሰው ነው፣ ጎግል ትሬንድስ ላይ ብታዪው ወደ ገና ሲጠጋ ሽቅብ ይወጣና ይወርዳል፣ ገብቶ ስለ ጤፍ ሊጥ ካገኘ በሁለት ሰከንድ ይወጣል። ቃሉን ፅሁፉ ውስጥ ማንሳት ጥሩ ነው፣ ሌፍሳ ግሪል ለእንጀራ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐበሻ ስላለ፣ ርእስ ማድረጉ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሌማት_ልጅ፦
እሺ እሱስ ልክ ነህ።

ሻይ_በሎሚ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ አማዞን በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ካላመጣህ አካውንቱን ይዘጋዋል፣ ራስህ በራስህ ሊንክ ብትገዛ አይቆጠርም። ስለዚህ እንጀራ ምንድነው የሚል ፅሁፍ ላይ ጊዜ አታጥፋ፣ አንብቦ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሊገዛ የቆረጠውን ሰው ያዝ፣ ሊንክህን የነካ ሰው ቅርጫቱ ውስጥ ለማስገባት 24 ሰአት ብቻ ነው ያለው።

ምጣዱ_ጋለ፦
ኧረ ተባረኩ። ሰርች ኮንሶሉን ከፈትኩት፣ አስገብቼው ረስቼው ነበር ለካ። ያ የለፋሁበት ግራይንደር ምንም የለውም፣ ባዶ። ስለ ምጣድ በፃፍኩት ውስጥ ግን መጨረሻ ላይ ዝም ብዬ የወረወርኳት ሶስት መስመር አለች፣ አዲስ ምጣድ ለምን እንጀራ ይይዛል የምትል፣ ኢምፕሬሽኑ በሙሉ ከሷ ነው የመጣው፣ ክሊክ ዜሮ። ወዲያው እህቴ ጋ ደወልኩና ምጣድ እንዴት ነው ሲዝን የሚደረገው ስላት «ሲዝን ደሞ ምንድነው፣ ማሟሸት በል» ብላ ሳቀችብኝ፣ ከዛ ስለ ጎመን ዘሩና ስለ ማሰሻው 20 ደቂቃ አወራችልኝ፣ ሁሉንም ቀድቼዋለሁ። ቅዳሜ ስራ የለኝም፣ እሱኑ ነው የምፅፈው።