ሳንቲሙ የፔሪክሌ ነው የትርቤኒሚ? ስሙን ማንበብ አልቻልኩም

እባካችሁ የሉቅያ (በዛሬዋ ደቡብ ምዕራብ ቱርክ የነበረች ጥንታዊት አገር) ገዢዎችን ሳንቲም የምታውቁ አግዙኝ። 2.9 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው፤ ስታቴር የሚባለው የጥንት ሳንቲም ሲሶ መሆኑ ነው። በአንዱ ገጽ ፊት ለፊት የሚያይ የአንበሳ ፊት፣ በሌላው ትሪስኬሌስ የሚባለው ከመሃል የሚዞሩ ሦስት ክንዶች ያሉት ምልክት፣ በክንዶቹ መካከል ፊደላት አሉበት።

ችግሩ ፔሪክሌም ሚትራፓታም ትርቤኒሚም በዚሁ ሥዕል ማስቀረጻቸው ነው። የሚለያቸው ስሙ ብቻ ይመስለኛል፤ ፔሪክሌ በሉቅያ ፊደል 7፣ ሁለቱ ግን 9 ፊደል ናቸው። እዚህ የሚታዩት 4 ብቻ፤ የቀሩትን ጠንካራ ግራጫ ቅርፊት ሸፍኗቸዋል። ሲልቨር ክሎራይድ (የብር ዝገት ዓይነት) ከሆነ ውኃ አያሟሟውም። በመርፌ እንዳልፍቀው ደግሞ ያረጀ ብር ተሰባሪ ነው።

ይህን ቅርፊት ለማሟሟት ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለውን ኬሚካል የሞከረ አለ? በስንት ፐርሰንት፣ ለስንት ደቂቃ? ወይስ ከአንበሳው አሠራር ብቻ ገዢውን መለየት ይቻላል?