የካቲት 25 ፒያሳ፦ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እንቋጨው

ቦርከና፦ የካቲት 25 የኢንጂነሪንግ ቀን ነው፣ ዩኔስኮ በ2012 ያወጀው። ደሴ ፒያሳ ድንኳን ጥለን እኛ ኢንጂነሮች ስራችንን ለህዝቡ እናሳይ። ሁለት ስላምፕ ኮን (የኮንክሪት ቅጥነት የሚለካበት የብረት ቅርጽ)፣ አንዱን በልኩ በተቦካ ኮንክሪት ሶስት ዙር እንሞላና እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ በብረት ወግተን ኮኑን እናነሳለን፣ ሁለተኛው ላይ ፎርማኖች "ይቅጠንልኝ" እያሉ እንደሚያደርጉት ጀሪካን ውሃ እንጨምርበታለን። አንዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል ሌላው እንደ አጥሚት ይፈሳል፣ ያኔ ሳይት ላይ ለምን እንደምንጨቃጨቅ ይገባቸዋል። መዋጮ 300 ብር። ባነሩን ለጥፌዋለሁ።

ኮምቦልቻ መካኒካል፦ ባነሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሄልሜት አድርጎ ፕላን ጠቅልሎ ይዟል። ይሄ ሲቪል ኢንጂነር ነው። እኛ መካኒካሎችስ?

ቦርከና፦ ሄልሜት እኮ የሁሉም ነው

ኮምቦልቻ መካኒካል፦ ፋብሪካ ስሰራ ስንት አመቴ፣ አንድ ቀን ፕላን ጠቅልዬ ዞሬ አላውቅም። ማሽን ሌሊት 8 ሰአት ሲቆም የምጠራው እኔ ነኝ፣ ሰው ግን ኢንጂነር ነኝ ስለው "ቤት ትሰራለህ?" ነው የሚለኝ። ባነሩ ካልተቀየረ ከኮምቦልቻ 300 ብር አትጠብቁ።

ሰርቬየሯ፦ ደሞ ለምን ወንድ ብቻ

ሸዋ በር፦ ትራይፖድ ያሸክሟታ በቃ

ሰርቬየሯ፦ ዝም በል አንተ፣ ባለፈው ሌቭል ማን አደረገልህ?

ሸዋ በር፦ እሺ ይቅርታ

አያ ሳይት፦ ኧረ በአላህ ልጆች። ጎረቤቴን መረሬ ላይ ከመገንባትህ በፊት አፈሩን አስመርምር ብለው "አፈር ምን ታሞ ነው የሚመረመረው" አለኝ። መረሬ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ዘንድሮ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ግድግዳው በሰያፍ ተተርትሮ ጣቴ ይገባበታል። ለሱ ነበር ድንኳኑ። እናንተ የሰውዬ ቆብ ላይ ናችሁ።

ኮምቦልቻ መካኒካል፦ ልክ ነዎት አያ፣ ግን እሱም ሲቪል ነው

ገንዘብ ያዥ፦ የከፈለው 4 ሰው ነው። የአምናው ባነር ደረሰኝም እስካሁን አልመጣልኝም፣ የወሰደው ራሱን ያውቃል።

ሸዋ በር፦ እኔን ከሆነ ደረሰኙ መኪና ውስጥ ነው አልኩህ እኮ

ቦርከና፦ ኮኑን ከላብራቶሪ አመጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ስልኩም አይነሳም። ባነሩን ቀይሬዋለሁ፣ ሰውዬውን አውጥቼ ቤተ ጊዮርጊስን አስገባሁ። ከአለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፣ ሲቪል ነው መካኒካል ነው የሚል ካለ ይምጣ።

ኮምቦልቻ መካኒካል፦ አሁን ገና ባነር ሆነ

ሰርቬየሯ፦ እኔኮ ላሊበላን አይቼው አላውቅም፣ ወሎዬ ነኝ እያልኩ። የውሃ መውረጃ ቦዩን ብቻ ሄዶ ማየት ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ለምን አንሄድም?

ሸዋ በር፦ ሚኒባስ እኔ አናግራለሁ

ገንዘብ ያዥ፦ በ300 ብር?

አያ ሳይት፦ ድንኳኑስ?

ሰርቬየሯ፦ ከጉዞ መልስ አያ

አያ ሳይት፦ ቀኑ የካቲት 25 ነው እኮ

ሸዋ በር፦ ለሚኒባሱ እንቆጠር። 1

ሰርቬየሯ፦ 2

ኮምቦልቻ መካኒካል፦ 3። ኮምቦልቻ መጥታችሁ ታነሱናላችሁ ግን

ሸዋ በር፦ ላሊበላ እኮ በሰሜን ነው ወንድሜ