የእናቴ ስልክ የማን ነው?

ጠያቂ (መሐል ሜዳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የእናቴ ስልክ ሲንቀራፈፍባት ታናሽ ወንድሜ ፎርማት አደረገው፤ ስልኩ ተመልሶ ሲበራ ግን ቀድሞ በውስጡ የነበረውን የጉግል አካውንት አስገቡ አለን። እናቴ አካውንት የሚባል ነገር እንዳላት እንኳ አታውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ደብረ ብርሃን ስንገዛው ባለሱቁ «እማማ፣ ይኸው ተከፍቶልዎታል» ብሎ የሰጣት በራሱ ኢሜይልና በራሱ የይለፍ ቃል ከፍቶ ኖሯል። ሱቁ ዛሬ ልብስ መሸጫ ሆኗል።

ነገሩን ሳሰላስል የራሴም ሁኔታ አስደነገጠኝ። የልጆቼ ፎቶ፣ የሰነዶቼ ቅጂ፣ ማታ የምንሰማው ዩቲዩብ፣ ሠርግ ስንጠራ የምንመራበት ካርታ፣ አማርኛ የምጽፍበት ኪቦርድ ሳይቀር የዚሁ የአንድ ኩባንያ ነው። የአያቶቻችን መሬት እንኳ የወሰን ድንጋይ አለው፤ የዚህ ወሰን የት ላይ ነው? ስልኩንስ ማስከፈት ይቻላል ወይ?

ስልክ ጠጋኝ (ሸዋ ሮቢት)፦
ወንድሜ፣ የገጠማችሁ ብልሽት ሳይሆን ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የመጣ የስርቆት መከላከያ ነው። ስልኩ ከሴቲንግ ውስጥ ሳይሆን ቁልፎቹን ተጭኖ ፎርማት ሲደረግ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ካርቶኑና ደረሰኙ ካሉ የስልኩ አምራች የጥገና ማዕከል ሊረዳችሁ ይችላል። «እኛ እንከፍታለን» የሚሉም ሞልተዋል፤ የተሰረቀ ስልክና የእናትህ ስልክ እጄ ሲገቡ ግን መልካቸው አንድ ስለሆነ እኔ ደረሰኝ ሳላይ አልነካም።

የሙያ ባልደረቦቼን ጥፋት ልደብቅ አልችልም። የገበያ ቀን ሰው ሲበዛ አንዱን ኢሜይል ለሃያ ስልክ የሚያስገባ አለ። ያኔ የሃያ ቤተሰብ ስልክ ቁጥርና ፎቶ በአንድ ቋት ይደባለቃል፤ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው ከፈለገ ሁሉንም ያያል። ለእናትህ አዲስ አካውንት በራሷ ስልክ ቁጥር ክፈቱላት፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ ከካርቶኑ ጋር አስቀምጡ። ለሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችልም አትዘንጉ።

የአንኮበር ልጅ፦
ጥፋቱ የባለሱቁ ሆኖ ሳለ ኩባንያውን ለምን እንወቅሳለን? አገልግሎቱን በነፃ እየተጠቀምን ነው።

መምህር (ደብረ ብርሃን)፦
በባለሱቁ ጥፋት እስማማለሁ፤ ነፃ በሚለው ግን አልስማማም። የኩባንያው ዋና ገቢ ማስታወቂያ ስለሆነ የፈለግነው ነገርና የሄድንበት ቦታ ለእርሱ ዋጋ አለው። ኩባንያው አንድሮይድን እ.ኤ.አ. በ2005፣ ዩቲዩብን በ2006 በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ፣ በ2021 ደግሞ የልብ ምት የሚቆጥሩ ሰዓቶችን የሚሠራውን ፊትቢትን ጠቅልሎ እዚህ ደርሷል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 የ4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት የጣለበት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ፕሌይ ስቶርን የሚፈልግ የስልክ አምራች የጉግልን መፈለጊያና ክሮምን አብሮ እንዲጭን በማስገደዱ ነበር፤ በ2022 ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ ቢያደርገውም የውሳኔውን አብዛኛውን ክፍል አጽንቶታል። እናታችን ሱቅ ገብታ ኩባንያውን መረጠች ለማለት የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

ሁሉን መንቀፍም አልሻም፤ የትርጉም አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ሲጨምር ለተማሪዎቼ ትልቅ ነገር ነበር። እኔ ያደረግሁት ቢኖር የአካውንቴ የእንቅስቃሴ መዝገብ በየሦስት ወሩ ራሱን እንዲሰርዝ ማዘዝና ዋና ዋና ፎቶዎቼን በፍላሽ መገልበጥ ነው፤ ነፃው 15 ጊጋባይት ለኢሜይልም ለፎቶም የጋራ ስለሆነ መሙላቱ አይቀርምና።

ጠያቂ (መሐል ሜዳ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካርቶኑን ከቁም ሳጥን ላይ አገኘነው፤ ደረሰኙም በውስጡ አለ። አዲሱ አካውንት በማን ቁጥር ይከፈት በሚለው ከወንድሜ ጋር ስንከራከር እናቴ ሰምታ «የራሴን ቁጥር አስገቡልኝ፤ የይለፍ ቃሉንም ለእኔ ንገሩኝ» ብላናለች።