ጣና የማን ሥልጣን ነው?

የውይይቱ ጥያቄ፦ ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. የዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (የተፈጥሮ ጥበቃና የሰው ኑሮ አብረው የሚሄዱበት አካባቢ) ሆኖ ተመዝግቧል። ክብር ነው ወይስ ሥልጣንን አሳልፎ መስጠት?

የዘጌው፦ አሳልፎ መስጠት ነው ባይ ነኝ። ሐይቁን በሦስት ቀጠና ይከፍሉልሃል፤ በየ10 ዓመቱ ፓሪስ ላለው ዩኔስኮ ሪፖርት ትጽፋለህ። በገዛ ሐይቁ ለሌላ ሪፖርት የሚያደርግ ምኑን ባለቤት ሆነ? በግንቦት 1894 ዓ.ም. ውልም ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የጣናንና የዓባይን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላንሠራ ፈርመናል። ከዚያ አልተማርንም ማለት ነው?

ሕግ አዋቂ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱን አታምታታ። ያ ውል ነበር፣ ባዮስፌር ሪዘርቭ ውል የለውም። ጎንደርና ላሊበላ የተመዘገቡበት የ1972 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ስምምነት ያጸደቅነው በመሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ባዮስፌር የሚተዳደረው ግን በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ የዩኔስኮ ማዕቀፍ ነው፤ ቀጠናውን የሚያሰምረው አገሩ፣ የሚጠብቀውም በራሱ ሕግ። መስፈርቱን ካላሟላ የሚደርስበት ከዝርዝሩ መውጣት ነው፤ ራሱም ሲያሻው አስታውቆ ይወጣል። የሥልጣን ጣጣ ካለ እዚሁ ቤታችን ነው፦ አንቀጽ 51(11) ድንበር ተሻጋሪ ውሃን ለፌዴራል፣ 52(2)(መ) የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደርን በፌዴራል ሕግ መሠረት ለክልል ይሰጣል። ውሃው አዲስ አበባ፣ ዓሣው ባሕር ዳር። በመሃል የሚወድቀው ብዙ ነው።

ጉማራ፦ ከወደቀው አንዱ መረብ ነው። ሞኖፊላመንት ማለት ባለ አንድ ክር ናይለን፣ ከውጭ የሚመጣ። ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ርካሽ ነው፤ ሲቀደድ ግን ጠግኖ መልሶ መጣሉ ስለማያዋጣ እዚያው ይተዋል፣ የተተወውም ማጥመዱን አያቆምም። የመረቡን ዓይን (ቀዳዳውን) ለመለካት መረቡን ወጥራችሁ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያዙ፤ ጠባብ ከሆነ ገና አንዴ እንኳ ያልተራባውን ዓሣ ያነሣል። ክፉው ወቅት ክረምት ነው። ላቢዮባርበስ የሚባለው ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያ የተዘረጋ መረብ የዓመቱን ወላጅ ይጠርጋል። ከዚህ ዓሣ ዝርያዎች 15ቱ ደግሞ ከጣና በቀር የትም የሉም። የዓሣ ሀብት አዋጅ 315/1995 (ዓ.ም.) አለን፤ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ላይ በጀልባ እየተሯሯጡ መረብ መልቀም ዘዴ አይደለም።

የዘጌው፦ ይኸው ያልኩት! የውጭ ገበያ ነው ያመጣው።

ወለተ ጣና፦ ገበያው ብቻውን አይደለም። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል በመሆኑ ነው ደኑና ቡናው የቆየው። ያንን ማንም ከውጭ አላዘዘም፣ የሻረውም የለም። የማንነት ጉዳይ ካነሣን የሚከበር ሕግ እንዲህ ያለው ነው። መረቡን በሚመለከት ግን ዓሣ አስጋሪው ሳይስማማ ከቢሮ ወረደ ነው የሚባለው።

ጉማራ፦ እውነትሽን ነው፣ ግን መረቡ ሱቅ እስካለ ድረስ አስጋሪው ቢስማማም አንዱ ይገዛል። መያዝ ያለበት ጉምሩክ ላይ ነው።

ሕግ አዋቂ፦ ችግሩም እሱ ነው። ክልሉ መረቡን ሐይቅ ላይ ሊከለክል ይችላል፤ የውጭ ንግድ ግን በ51(12) የፌዴራል ነው፣ ባሕር ዳር ሆኖ ከድንበር ማስቆም አይቻልም።

የዘጌው፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የፓሪሱን ግን አልተውኩም። የመጀመሪያው 10 ዓመት በ2017 ሞልቷል። ሪፖርቱ መጀመሪያ በአማርኛ ለአስጋሪው ይነበብ፣ ከዚያ ይላክ።