የኩሽና ጭስ ልጅን ለጉንፋን ያጋልጣል?

ጥያቄ፣ የጅማ ከተማ የቆጪ ሰፈሯ እናት፦
ክረምቱ ከገባ የ14 ወር ልጄን ጉንፋን አልለቀው አለ። ኩሽናችን ከመኝታ ክፍሉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ መስኮት የለውም። እንጀራ የምጋግረው በጉልቻ፣ በእንጨትና በቡና ገለባ ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ከሆነ ጭሱ ምን አገባው? በከሰል ብቀይረውስ?

መልስ፣ የጤና ባለሙያ፦
እህቴ፣ ጭሱ ቫይረስ አይፈጥርም፤ መከላከያውን ነው የሚያዳክመው። ዋናው ጠንቅ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰው ብናኝ ነው፤ ዓይን አያየውም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። የመተንፈሻ ቱቦን የሸፈኑ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አክታን ከነያዘው ቫይረስ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ብናኙ ሲያደክማቸው ቫይረሱ እዚያው ይቀመጣል። ተህዋስ የሚውጡት የሳንባ ሴሎችም ጥላሸት ሲውጡ ይውሉና ለቫይረሱ አቅም ያንሳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለዚህ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው፤ ጉልቻ የሚነድበት ዝግ ኩሽና ግን መቶዎችን ያልፋል። ልጁን አዝለሽ አትጋግሪ። ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠቅለልም ይህን ብናኝ አያግድም።

መልስ፣ ምድጃ ሠሪ፣ ከጅማ ሂርማታ ሰፈር፦
ከምድጃው በፊት እንጨቱ! የጅማ ዝናብ የነካው እንጨት ሙቀቱን ውኃ ሲያተን ይጨርሳል፣ የቀረው ጭስ ነው። በአውራ ጣት ውፍረት ፍለጪውና ከመሬት ከፍ አድርገሽ ጣራ ሥር ደርድሪ። ገለባውን በእፍኝ አትድፊበት፤ አየር ስለማያሳልፍ ይጨሳል እንጂ አይነድም። «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የሚገጣጠምበትን ስንጥቅ በጭቃ ካልደፈንሽው ግን ጭሱ በጎን ይወጣል። ከሰል ጭሱ ያንሳል፣ ጋዙ ግን ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ደጅ አቀጣጥይው፤ ፍም ቢሆንም መኝታ ቤት አይግባ።

ጠያቂዋ፦
ስጋግር እሱ ተኝቶ ነው፤ የመኝታ ቤቱን በር እዘጋለሁ። አይበቃም?

ምድጃ ሠሪ፦
ግድግዳው ጣሪያውን ይነካል? ኮርኒስ ከሌለ ጭሱ በላይ ተሻግሮ ይወርድበታል። ከአልጋው በላይ ያለውን ማገር በነጭ ጨርቅ ጥረጊው፤ ከጠቆረ እየገባ ነው። ክፍተቱን ድፈኚ፣ በኩሽናው በኩል ከጣሪያው ሥር ቆርቆሮውን ክፈቺለት።

የጤና ባለሙያ፦
እስከዚያው፣ ሲያስለው በተረጋጋበት ሰዓት ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 40 ከሞላ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ ሳታሳድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።