በድሮ ሲኒማ ቤት ምስሉ ለምን ለሁለት ይከፈል ነበር? ለምንስ ይቃጠል ነበር?

ጥያቄ፦ ሰገነት

ሰላም ወገኖች። በአምፒር፣ በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በአድዋ፣ በአምባሳደር ወይም በራስ ሲኒማ ፊልም እያዩ ያደጉ ሰዎች ሲገናኙ የሚያነሱት ነገር አንድ ዓይነት ነው። ምስሉ ድንገት ለሁለት ይከፈልና እግር ከላይ፣ ራስ ከታች ይሆናል፤ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። ሸራው ላይ ቡናማ እድፍ ይፈላና ይጠፋል። ቀኝ ጥግ ላይ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። የሕንድ ፊልም ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ይታያል። የተዋናዩ ከንፈር ቆሞ ድምፁ ይቀጥላል።

ለሰፈራችን ልጆች ትንሽ ዐውደ ርዕይ እያዘጋጀን ነው። በእያንዳንዱ ትዝታ ሥር ትክክለኛውን ምክንያት መጻፍ እንፈልጋለን። ማሽኑን የምታውቁ እባካችሁ አስረዱን።

መልስ፦ ካርቦን

ወንድሜ፣ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከፊልሙ አሠራር ነው። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ እያንዳንዱ ፍሬም በግራም በቀኝም 4 ቀዳዳ አለው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ያልፋል፤ በደቂቃ 27 ሜትር ከግማሽ ገደማ ማለት ነው። ግን ፊልሙ ዝም ብሎ አይፈስም። ይቆማል፣ ይታያል፣ ይጎተታል፣ እንደገና ይቆማል። ይህን የሚሠራው የማልታ መስቀል የሚባለው ክፍል ነው፤ በአንድ ጉተታ ልክ 4 ቀዳዳ ያወርዳል። ሲጎተት እንዳይታይ የሚዞረው መከለያ ብርሃኑን ይዘጋል።

ምስሉ ለሁለት የሚከፈለው ይህ የ4 ቀዳዳ ቆጠራ ሲዛባ ነው። ተበጥሶ የተቀጠለ ፊልም የፍሬሙ መስመር ላይ ሳይሆን መሐል ላይ ከተቆረጠ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ይጎድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተንሸራቶ ይታያል። ኦፕሬተሩ የፍሬም ማስተካከያውን እጀታ ሲያዞር ምስሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሕዝቡ ሲያፏጭ ሥራውን እየነገረው ነበር፤ ኦፕሬተሩ በዚያን ሰዓት ብዙ ጊዜ ዓይኑ ሸራው ላይ ሳይሆን ቀጣዩን ጥቅል በሚያዘጋጅበት ሁለተኛው ማሽን ላይ ነው።

ምስሉ ሳይከፈል ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀጠቀጠ ማሽኑ ከተንጫጫ ግን ሌላ በሽታ ነው። ብርሃኑ ፊልሙን ከሚያልፍበት መስኮት በላይና በታች ፊልሙ ላላ ብሎ የሚቀመጥበት ቅስት አለ። ቀዳዳው የተቀደደ ፊልም ሲያልፍ ቅስቱ ይጠፋና ፊልሙ ይወጠራል። ያኔ ማስተካከያውን ማዞር አይረዳም። ማሽኑን አቁሞ ቅስቱን እንደገና መሥራት ነው።

የከንፈሩም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ፊልሙ ዳር ላይ የተቀረጸው ድምፅ የሚነበበው ከምስሉ መስኮት 20 ፍሬም ያህል ዝቅ ብሎ ነው። የታችኛው ቅስት ከልኩ ከተለጠጠ ወይም ካጠረ ድምፁና ከንፈሩ ይለያያሉ። የአንድ ፍሬም ልዩነትን ማንም አያስተውልም፤ አራት አምስት ሲሆን ግን ያስቀይማል።

መልስ፦ ካርቦን (የቀጠለ)

ስለ ነጥቧ ረሳሁ። አንድ ትልቅ ጥቅል 2000 ጫማ ነው፤ ሞልቶ 22 ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም በ5 ጥቅል ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል። ጥቅሉ ሊያልቅ 8 ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው በቀኝ ላይኛው ጥግ የመጀመሪያዋ ነጥብ ትታያለች፤ ያኔ የሁለተኛው ማሽን ሞተር ይነሣል። ሁለተኛዋ ነጥብ የምትታየው ጥቅሉ ሊያልቅ አንድ ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው ነው፤ ብርሃንና ድምፅ ይዛወራል። እያንዳንዷ ነጥብ 4 ፍሬም ብቻ ናት፤ ዓይን ከጨፈኑ ታልፋለች። ካለፈች ሸራው ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ሁለተኛው ማሽን ቀድሞ ከተከፈተ ደግሞ ጥቅሉ መነሻ ላይ ያለው የቁጥር ቆጠራ ይታያል።

መልስ፦ ባለሙጫ

ስለ መቃጠሉ ልጨምር፤ ብዙ ሰው "እሳት ተነሣ" ይላል፤ በአብዛኛው ግን መቅለጥ ነበር። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆቹ) በፊት ፊልም ናይትሬት በሚባል ፕላስቲክ ይሠራ ነበር፤ እሱ በእርግጥ ይነድዳል፣ ውሃ ውስጥ ቢገባም አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያለው አሲቴት ነው፤ ይቀልጣል እንጂ እንደዚያ አይነድድም።

የማሽኑ መብራት ካርቦን ነበር። ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተራርቀው በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይፋጃሉ። ፊልሙ ሲሮጥ እያንዳንዱ ፍሬም መስኮቱ ላይ ከሴኮንድ ሃያ አራተኛ በላይ አይቆይም፤ ለዚህ ነው የማይጎዳው። ከቆመ ብርሃኑን ከፊልሙ የሚጋርደው የእሳት መከለያ ወዲያው መውደቅ አለበት። መከለያው ከዘገየ ፍሬሙ ይፈላል። ከመሐል የሚጀምረው ብርሃኑ መሐል ላይ ስለሚበረታ ነው። ፊልሙ ሳይቃጠል የምስሉ ዳር ብቻ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ከሆነ ደግሞ ካርቦኑ ከመስመር ወጥቷል ማለት ነው።

የተበጠሰው ወይም የቀለጠው ፊልም የሚቀጠለው እንዲህ ነበር፦ የተጎዳው በፍሬሙ መስመር ላይ ይቆረጣል። በአንዱ ጫፍ ደብዛዛው ገጽ (ምስሉ ያለበት ማለት ነው) እስከ ንጹሑ ፕላስቲክ ድረስ ይፋቃል፤ ሙጫው ምስሉን አይዝም፣ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ያጣብቃል እንጂ። ቀጭን ሙጫ ቀብቶ፣ ቀዳዳዎቹን አጋጥሞ፣ 15 ሴኮንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። ሙጫ ከበዛ ፊልሙ ይጣመማል፤ ካነሰ በመስኮቱ ላይ ይላቀቃል። ድምፁ ላይ "ጠቅ" እንዳይል የቅጥሉ ቦታ በጥቁር ቀለም በሦስት ማዕዘን ይሸፈናል። በኋላ የመጣው ፖሊስተር የሚባለው ፕላስቲክ በሙጫ አይያዝም፤ በቴፕ ይቀጠላል። አንድ ቅጂ ከሲኒማ ሲኒማ በዞረ ቁጥር ፍሬም እየጎደለው ይሄዳል፤ ጭፈራው መሐል ዘሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

የቀላው ፊልም ቀለሙ ከሦስት ንብርብር የተሠራ ነው፤ በብዙዎቹ ቅጂዎች ቀድሞ የሚለቀው ሰማያዊ አረንጓዴው ነው። እሱ ሲሄድ ቀዩ ይቀራል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥኑታል። ጣሳውን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ከሸተተ ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ እየበሰበሰ ነው፤ ከሌሎቹ ለዩት።

ጥያቄ፦ ሰገነት

ጋሼ ካርቦን፣ ጋሼ ባለሙጫ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ የቀረ አለ፦ ልጆች የተጣለ የፊልም ቁራጭ እየለቀሙ በተቃጠለ አምፖል "ሲኒማ" ይሠሩት የነበረው። ለዐውደ ርዕዩ ብንሠራው ይሠራል?

መልስ፦ የካርቶን ሳጥን

በደንብ ይሠራል። የሚያስፈልገው ባለክር፣ መስታወቱ ጥርት ያለ፣ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ አምፖል ነው (ውስጡ ነጭ የተቀባው አይሆንም፤ ፍሎረሰንቱንም በፍጹም አትክፈቱ)። ውስጡን አዋቂ ሰው በጓንት ያውጣ። ንጹሕ ውሃ እስከ አፉ ሙሉት፤ የአየር አረፋ ከቀረ ምስሉ ላይ ጨረቃ ይሠራል።

ክፍሉን አጨልሙ። ውጭ ዝርግ መስታወት አቁማችሁ የፀሐዩን ብርሃን በካርቶን ቀዳዳ አስገቡ። ብርሃኑ መጀመሪያ ፊልሙን፣ ቀጥሎ አምፖሉን ያገኛል። ልኩ እዚህ ላይ ነው፦ ፊልሙ ከአምፖሉ ቆዳ 3 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ይራቅ። ግድግዳው ከአምፖሉ 1 ሜትር ተኩል ሲሆን ፍሬሙ ግማሽ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከደበዘዘ ግድግዳውን ሳይሆን ፊልሙን በሚሊ ሜትር አንቀሳቅሱ። ምስሉ ስለሚገለበጥ ፊልሙን ራሱ ገልብጣችሁ አስገቡ።

ዳር ዳሩ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። አምፖሉ ፊት 1 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው ጥቁር ወረቀት ብታደርጉ ይጠራል፤ ብርሃኑ ግን ይቀንሳል። ፀሐይ ስለምትሄድ መስታወቱን በየጥቂት ደቂቃው የሚያዞር አንድ ልጅ መድቡ። ውሃ የሞላውን አምፖል ሥራ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ብርሃን ሰብስቦ ካርቶን ያቃጥላል።